የአያ ጅቦ የራሱ አውሮፕላን

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት በአውሮፕላን መሄድ ገና ሳይሰለቻቸው፣ አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ከትልቁ ገደል ማዶ አንዲት ልጅ አጨ። ልጅቱ አትጠገብ ትባላለች። ያንን ገደል በእግሩ የወረደ ጉልበቱን እታች ጥሎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ አያ ጅቦ እጮኛውን ሊጠይቅ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሻገረው ባሻ አህያ በሚያከራያት ትንሽ አውሮፕላን ነበር።

«ጅብና አህያ ባንድ አውሮፕላን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ደግ ጥያቄ ነው። አብራሪውን የበላ ተሳፋሪ ግን ማን ያሳርፈዋል? ይህን ያህሉ ለአያ ጅቦም ይገባው ነበር። ቢሆንም ባሻ ነፍሱን ለጅብ አስተዋይነት አደራ የሚሰጥ ሞኝ አልነበረም። ከመነሳታቸው በፊት አውሮፕላኗን ይዞራታል። ጎማዋን በኮቴው መታ መታ ያደርጋል፤ ዘይቷን ያያል፤ በመጨረሻም ረጅም ጆሮውን አያ ጅቦ ሆድ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ሆዱ ካጉረመረመ በረራ የለም።

«የጠገበ ጅብ ማዶ አደርሳለሁ። የተራበ ጅብ ግን ሰላምታም የለኝ» ይላል።

አያ ጅቦም ደንቡን አክብሮ ጥግብ ብሎ ይመጣል። ለኪራይ አንድ ሸክም ድርቆሽ ይከፍላል። ጅብ ድርቆሽ ከየት እንደሚያመጣ አንጠይቀውም፤ እሱም አይነግረንም። ከዚያ ወገቡን በጠፍር ታስሮ ከኋላ ይቀመጣል። መቀመጫው ለስላሳ ቆዳ ነው። ማዶ እስኪደርስ ሽታውን ይምገዋል እንጂ አንድ ቀን እንኳ በምላሱ ነካ አድርጎት አያውቅም። የሰው ንብረት ነዋ።

በእነ አትጠገብ አገር ወግ፣ ሠርግ ሲቃረብ የልጅቱ እናት በሽማግሌዎች ፊት የሙሽራውን ንብረት ትጠይቃለች። ለአያ ጅቦም ቀኑ ደረሰ።

«ልጄ፣ ዋሻ አለህ?» አለችው እናትየዋ።

«አለኝ እሜቴ፤ ካባቴ የወረስኩት ነው።»

«አጥንትስ?»

«እስከ ጣሪያው ተከምሯል።»

«እሰይ። ይህች የምትመጣባት አውሮፕላንስ የራስህ ናት?»

አያ ጅቦ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። «የ... የባሻ ናት እሜቴ። ኪራይ ናት።»

«እሺ ልጄ፣ ጥሩ ነው» አለችና ወደ ሌላ ጨዋታ ዞረች። ሴትዮዋ በነገሩ ምንም ቅር አላላትም። ነገር ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ በዚያችው ቅጽበት ሳለ። ሽማግሌው ጉንፋን ይዞት ነበር። አያ ጅቦ ግን ሳሉን ስድብ ነው ብሎ ተቀበለው፤ ተቀብሎም ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ።

እንደ ዕድል ሆኖ፣ የሱ ዕድል ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ከሜዳው ሲያርፍ ያገኘው እመት ቀበሮን ነው። እመት ቀበሮ አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ነበረቻት። ክንፎቿ በቁርበት የተለበጡ፣ መቀመጫዎቿም ቆዳ ናቸው። ከገዛቻት ወዲህ የበረረችባት አንዴ ወይም ሁለቴ ቢሆን ነው። የሜዳው ጌታ አንበሳ ግን ለበረረውም ለቆመውም እኩል ግብር ያስከፍላል። እመት ቀበሮ በየሳምንቱ በግ ስታቀርብ ከስታ ጭራዋ ብቻ ቀርቶ ነበር። ገዥ ስትፈልግ ዐይኗ ቀልቷል።

«ምነው አያ ጅቦ፣ ፊትህ ጠቆረ?»

«አማቴ በሽማግሌ ፊት አዋረደችኝ። ‹የራስህ ናት ወይ?› አለችኝ።»

«እሰይ፣ እሷ ደፈረች! እኔስ ስንቴ ልነግርህ ብዬ ይሉኝታ ያዘኝ። በኪራይ አውሮፕላን ሙሽራ ይኮናል? ነገ ልጅ ስትወልድ ‹አባትህ በሰው ክንፍ ሄዶ ነው እናትህን ያገባት› ይሉታል እኮ።»

አያ ጅቦ ገና ላልተፀነሰው ልጁ አንጀቱ ተላወሰ።

«ለመሆኑ ለባሻ ምን ትከፍለዋለህ?» አለች ጠጋ ብላ።

«ድርቆሽ።»

«ድርቆሽ ምን ያደልባል?»

አያ ጅቦ አሰበ፣ አሰበ፣ ደከመው።

«በሬ ያደልባል!» አለችው። «የደለበ በሬስ ምን ይደረጋል?»

«ይበላል!» አለ ወዲያው። ይህችን ለማወቅ አስተማሪ አላስፈለገውም።

«እንግዲያው አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ የገዛ በሬህን ለአህያ እያበላህ ነው።»

አያ ጅቦ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። አንድም ቀን ኖሮት የማያውቀው በሬ ሲታረድ፣ ሲበለት፣ ሌላ ሰው ሲበላው ታየው። ዐይኑ እንባ አቀረረ።

«የራስህ ስትሆን ግን» አለች እመት ቀበሮ ድምጿን ለስለስ አድርጋ፣ «ሆድህን የሚያዳምጥ የለ፣ ወገብህን የሚያስር የለ። እኔ ደግሞ ለሰው አልሰጣትም ብዬ ነው እንጂ አንዲት አለችኝ። ለወዳጅ ግን ምን ይደረጋል? ያንን የአጥንት ክምር ካወጣህልኝ የአንተ ትሁን።»

አያ ጅቦ ሊዋዋል ከመሄዱ በፊት ባሻ አህያ ዘንድ ጎራ አለ። ምክር ፈልጎ እንዳይመስላችሁ። ሊያስቀናው ነው።

«ባሻ፣ ከእንግዲህ ኪራይ በቃኝ። የራሴን ልገዛ ነው።»

ባሻ የጀመረውን ድርቆሽ ማላመጥ አቆመ። «በየቀኑ የምትበር ብትሆን ኖሮ እኔው ራሴ ግዛ እልህ ነበር። አንተ የምትሄደው ግን ቅዳሜ ብቻ ነው። የእኔንም ቢሆን የምታኖራት አንተ ብቻህን አይደለህም። ከርከሮ ገበያ ይሄድባታል፤ ጦጣ ለቅሶ ትደርስባታለች፤ ጃርት መቀመጫዬን እየበሳ ድርብ ይከፍላል። ጎማ የምቀይረው ሁላችሁ ባዋጣችሁት ነው። ያንተን ከእሑድ እስከ ዓርብ ማን ያኖርልሃል?»

«ከእሑድ እስከ ዓርብማ ቆማ ነው የምትውለው። የቆመ ነገር ምን ወጪ አለው?»

«ኧረ አያ ጅቦ! ዝናብ ይመታታል። ቁርበቷ ቅባት ይፈልጋል። ጌታው አንበሳ በግ ይፈልጋል። ደግሞ አይጥ አለች።»

«አይጥ ምን ታደርጋለች?»

«ቁርበት ትበላለቻ።»

አያ ጅቦ ጥርሱን አግጦ ሳቀ። «የእኔን ቁርበት የሚበላ ደፋር የት አለና! ባሻ፣ ይህ ቅናት ነው።»

ባሻ አህያ ጆሮውን ጣለ። ያዘነ መሰለ፤ አዝኖም ነበር፤ ጅብ ቢሆንም ደንበኛው ነው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አለና ወደ ድርቆሹ ዞረ።

እመት ቀበሮም ዘመድ አዝማዷን ሰብስባ የአያ ጅቦን ዋሻ ጠራርጋ አጥንቱን አስወጣች። ከዚያ ማብረር አስተማረችው። «ወደ ኋላ ከሳብከው ትወጣለህ፤ ወደ ፊት ከገፋኸው ትወርዳለህ። ሌላው የሊቃውንት ወሬ ነው» አለችው። ትምህርቱ ይኸው ነበር።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ አያ ጅቦን ያየ ሁሉ ደስ ይለው ነበር። ደመናውን እያንኳኳ፣ እየዞረ፣ አንዴም በጀርባው እየበረረ ገደሉን ተሻገረና አማቱ ጓሮ፣ ጎመኑ መካከል ገብቶ ቆመ። ሞተሩ ሳይጠፋ ጭንቅላቱን አወጣ።

«የራሴ ናት!» አለ።

አትጠገብ ሮጣ መጣች። እናትየዋ እልል አለች፤ ጎመኗን ስታይ ትንሽ ቀነሰች እንጂ እልል ብላለች። ጉንፋን የነበረበት ሽማግሌ ድኖ ስለነበር አልሳለም። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሙሽራው በራሱ አውሮፕላን ቀትር ላይ እንዲደርስ፣ ያን ቀን ያልደረሰ እንደሆነ ግን ውሉ እንዲፈርስ ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ። አያ ጅቦ አትጠገብን ከልቡ ይወዳት ነበር። «ያለ እሷ ሌላ ሴት ልይ ብል ዐይኔ ይጥፋ» ብሎ ማለ።

ሰኞ ሲነጋ የጌታው አንበሳ አሽከር ለሜዳ ግብር መጣና ለምሳ የታሰበችውን በግ ይዞ ሄደ። ማክሰኞ ዝንጀሮ ሞተሯን ፈትቶ ገጠማት። ሁለት ብሎን ተረፈው፤ ለተረፉትም አስከፈለ። ረቡዕ ዝናብ ጣለና ቁርበቱን ለማልፋት የተቀመጠችው ሞራ አለቀች። ዋሻ ቢሄድ ዋሻው ባዶ ነው፤ አጥንቱ ከእመት ቀበሮ ዘንድ ነው።

«ታዲያ ለምን አያድንም?» ትሉ ይሆናል። ጅብ የሚያድነው ሌሊት ነው። አያ ጅቦ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አውሮፕላኗ ሥር ተጋድሞ አይጥ ይጠብቃል። ባሻ የነገረውን ረስቷል ብላችሁ እንዳታሙት፤ ከሁሉም ነገር የያዘው የአይጧን ብቻ ነው። እንዲህ በባዶ ሆዱ ተኝቶ የቆዳ ሽታ ከላይ እየወረደ ያውደዋል።

በዚህ ዓይነት ከከረመ በኋላ አንድ ቀን የኋላውን መቀመጫ ጥግ ትክ ብሎ አየው።

«ይህችን ጥግ አይጥ ልትበላት ነው» አለ። አይጥ ሳትቀድመው በላት።

ጣፈጠችው። ጥግ ያጣ መቀመጫ ደግሞ አያምርም፤ የቀረውንም በላው። «ለመሆኑ ተሳፋሪ አለኝ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። «የለኝም» ብሎ መለሰ። በማግስቱ የፊተኛውን መቀመጫ በላ። «ቆሜ አበራለሁ፤ ከአገር ጋር ለመተያየትም ይሻላል» አለ። ከዚያ ጠፍሩን በላው፤ መቼም መታሰር የኪራይ ልማድ ነው። ከዚያ ጎማዎቹን ቆረጠማቸው። «ክንፍ ላለው ፍጥረት ጎማ ምን ያደርግለታል?» ሲል አሞራዎች እንኳ በነገሩ ተስማሙ።

ያኔም ቢሆን ክንፉን ላለመንካት ታገለ። ይህን ልንመሰክርለት ይገባል። ፊቱን አዞረ፣ ዘፈነ፣ ጭራውን ነከሰ። በመጨረሻው ግን የግራውን ክንፍ ቁርበት ገልጦ በላ። በልቶ ሲጨርስ አውሮፕላኗ ወደ ቀኝ ያዘነበለች መሰለው። ሚዛኗ እንዲስተካከል ብሎ የቀኙንም በላ።

«የሰው ብትሆን ኖሮ ያስጠይቀኝ ነበር» አለ አፉን እየጠረገ። «የራስ ማለት እንዴት ደግ ነገር ነው!»

የሠርጉ ዕለት ጠዋት አያ ጅቦ ተላጭቶ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ጥሎሽ የሚሆን አንድ ቀንድ ይዞ መጣ። የቀረችው የብረት አጽም ላይ ወጣና መሪዋን ወደ ኋላ ሳበ። ሳበው። ደግሞ ሳበው። መሪዋ ተነቅላ በእጁ ቀረች። ያን ጊዜ ነው አያ ጅቦ ምን እንዳደረገ የገባው። አትጠገብ በዳሱ ሥር ሆና ሰማይ ሰማይ ስታይ ታየችው። መሪዋን በአፉ እንደያዘ ወደ ባሻ አህያ በረረ፤ በእግሩ ማለቴ ነው።

ባሻ ሞተሩን አስነስቶ ሊሄድ ነው። ከኋላው እመት ቀበሮ ጠፍሯን አጥብቃ፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች።

«እመት ቀበሮ! ደግሞ አንቺ በኪራይ? ውርደት ነው አላልሽኝም ነበር?»

«ለሙሽራ ነው ያልኩህ አያ ጅቦ። እኔ እንግዳ ነኝ» አለችው። «የሠርግህ ዕለት ልቅርብህ? ወዳጅነታችን ምን ሊሆን?»

«ባሻ፣ በአትጠገብ ይዤሃለሁ፣ እሷን አውርደህ እኔን አሻግረኝ!»

ባሻ አህያን አሳዘነው። ከአውሮፕላኗ ወርዶ ጆሮውን አያ ጅቦ ሆድ ላይ ለጠፈ። ከውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ጎማው ከቆዳው ጋር ይጣላል፤ ቁርበቱ መካከል ገብቶ ይገላግላል።

«አያ ጅቦ፣ ምን በልተህ ነው?»

«የራሴን ነው» አለ አያ ጅቦ በቀጭን ድምፅ።

ባሻ ራቅ ብሎ ከላይ እስከ ታች አየው። «የገዛ አውሮፕላኑን ከበላ ጋር ሰማይ ላይ ለሁለት አልቀመጥም። ልጆች አሉኝ» አለ። አውሮፕላኗ ተነሥታ ማዶ ሄደች።

አያ ጅቦ ገደሉን በእግሩ ወረደው። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ ዐይኑ ውስጥ ገባ፤ ቀንዱ ከእጁ አምልጦ ወንዝ ወሰደው፤ ያቺን መሪ ግን አልጣላትም። ከማዶ ብቅ ሲል ሁለተኛው ቀን መሽቶ ሊጨልም ነበር። ውሉ እንደተነጋገሩት ፈርሷል። አትጠገብ ግን «ምን አግኝቶት ይሆን?» ብላ ዳሱ እንዳይነሣ ለምና፣ ሽማግሌዎቹም ተቆጥተው ቁጭ ብለው ነበር። እመት ቀበሮ ከድግሱ ምርጡን አጥንት ይዛ ጥጓን አግኝታለች።

«መጣ! መጣ!» ተባለ። እናትየዋ ሮጣ ወጣች።

«ልጄ፣ ምነው በእግርህ? አውሮፕላንህስ?»

አያ ጅቦ መሪዋን እግሯ ሥር አስቀመጠና ሆዱን መታ መታ አደረገ። «እዚህ ናት እሜቴ። ክንፏም፣ ጎማዋም፣ መቀመጫዋም። ሁሉም የራሴ ነው።»

ማንም አልሳቀም። አትጠገብ ከዳሱ ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ቀን ከሌት ስትጠብቀው ዐይኗ አብጧል።

«የባሻን አውሮፕላን ስትከራይ አንድ ቀን እንኳ ነክሰሃት ታውቃለህ?»

«እግዜር ያሳይሽ! የሰው ንብረት እንዴት ይነካል?»

«ባሻንስ?»

«እሱም የሰው ነው።»

«የራስህንስ አውሮፕላን?»

«የራሴ ናትና በላኋት።»

አትጠገብ አንድ ጥያቄ ጨመረች። «ዛሬ ባገባህ የማን እሆናለሁ?»

አያ ጅቦ ደስ አለው። ከትናንት ጀምሮ ከተጠየቀው ሁሉ መልሱን ያወቀው የዚህችን ብቻ ነበር። ደረቱን ነፋ አደረገ።

«የራሴ!» አለ በኩራት።

አትጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «እማዬ፣ ዳሱ ይፍረስ» አለችና ወደ ዋሻዋ ገባች። አያ ጅቦ ምን እንዳጠፋ አሁንም አልገባውም። ምሰሶው ሲነቀል፣ ቅጠሉ ሲነሣ እዚያው ቁጭ ብሎ አየ። በመጨረሻ መሪዋን አንሥቶ፣ ጫፏን እየቆረጠመ፣ ገደሉን ተመልሶ ወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ በሳምንት አንድ ቀን ለሚበር ሰው ኪራይ ነውር እንዳልሆነ፣ የሰውን ሳል ሰምቶ «የራሴ» ለማለት የሚጣደፍም የያዘውን ነገር ከዝናብ፣ ከግብር፣ ከአይጥም ይልቅ ከገዛ አፉ የሚጠብቅበት ዐቅም እንዳለው ለማወቅ አስቀድሞ ሆዱን ማዳመጥ እንደሚገባው ነው።